የሃርድ ዲስክ ኬዝ አልሠራ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላፕቶፓቸው ሲበላሽ ሃርድ ዲስኩን አውጥተው ኬዝ (ዲስኩን ከውጭ በዩኤስቢ የሚያገናኝ ሳጥን) ውስጥ የከተቱ፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ምንም አላሳይ ያላቸው ሰዎች አሉ። ለዓመታት ያገለገላቸው ኤክስተርናል ዲስክ አንድ ቀን ድንገት ጸጥ ያለባቸውም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከታች ቀርበዋል። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፤ ገመዱ፣ ኬዙና ዲስኩ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የቱ እንደተበላሸ ሳያውቁ ‹‹ፎርማት›› የሚለውን መጫን ምንም ያልሆነ የልጅ ፎቶ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በገዛ እጅ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ስሰካው ምንም አይታይም። የተበላሸው ዲስኩ ነው ወይስ ኬዙ?

ኬዙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቦርድ ሥራዋ ከዲስኩ የሚመጣውን የሳታ (ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገናኝበት መስመር) ምልክት ወደ ዩኤስቢ መቀየር ነው። እሷ ከተቃጠለች ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ ‹‹ሃርድ ዲስኩ ሞቷል›› ብሎ ከመደምደም በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በተራ መቀያየር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ፤ ቀጥሎ የሚሰኩበትን የዩኤስቢ ቀዳዳ፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን፤ በመጨረሻ ኬዙን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየሩ ግን ጥፋቱ የየትኛው እንደነበረ አያውቁም።

ከገመድ መጀመር ያለብን በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ዩኤስቢ ሲ ከሆኑት ገመዶች መካከል ለስልክ ቻርጅ ብቻ የተሠሩ፣ ዳታ የማያስተላልፉ አሉ። እንዲህ ባለ ገመድ ሲሰኩት የኬዙ መብራት ይበራል፣ ዲስኩም ይዞራል፤ ኮምፒውተሩ ግን የተሰካ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ሰፋ ያለችው፣ ሁለት ክፍል ያላት የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ደግሞ ከኬዙ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ ቶሎ ትላላለች። ገመዱን በቀስታ ነካ ሲያደርጉት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ኮምፒውተሩ የመሰካትና የመነቀል ድምፅ ካሰማ፣ ችግሩ እዚያው ነው። ኬዙን ከፍተው መሰኪያዋ ቦርዱ ላይ የተበየደችባቸውን እግሮች በስልክ መብራት ቢያዩ፣ በአንዱ እግር ዙሪያ ፀጉር የምታክል ክብ ስንጥቅ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያን ብየዳ እጁ የሰላ የስልክ ጠጋኝ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ዴስክቶፕ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለ መለያ አለው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ዲስኩን ከኬዙ ያወጣና በቀጥታ ከውስጥ ባለው የሳታ ገመድ ላይ ይሰካዋል። እዚያ ከታየ ዲስኩ ደህና ነው፤ የሚያስፈልገው አዲስ ኬዝ ብቻ ነው።

መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ ግን ተነስቶ መዞር አቃተው። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አንሶት ነው። ከላፕቶፕ የሚወጣው 2.5 ኢንች ዲስክ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ኃይሉንም ከዚያው ከዩኤስቢው ይወስዳል። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ይሰጣል። ዲስኩ አንዴ ከዞረ በኋላ ብዙ አይፈልግም፤ ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰከንድ ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ያን ካላገኘ ይሞክራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። ቲክ ቲክ ወይም ቀጭን የጢጥታ ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው።

መላው ቀላል ነው። ማራዘሚያውንና የራሱ ኃይል የሌለውን ሃብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ያውጡና አጭርና ወፈር ያለ ገመድ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊቱን ትተው ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቀዳዳ ይሞክሩ። ባለ ሁለት ራስ ገመድ አብሮት የመጣ ኬዝ ከሆነ ሁለተኛዋ ራስ ለጌጥ አይደለችም፤ ሁለቱንም ይሰኩ። በእነዚህ ሁሉ ካልተስተካከለና ድምፁ ከቀጠለ፣ ስለ ቋ ቋ ድምፅ ከታች ያለውን መልስ ያንብቡ።

3.5 ኢንች የዴስክቶፕ ዲስክ ነው፤ የራሱ አዳፕተር ጠፍቶብኛል። ሌላ ልሰካለት?

ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ብቻ። 3.5 ኢንች ዲስክ ሞተሩን የሚያዞረው በ12 ቮልት ነው፤ ያለ አዳፕተር ከዩኤስቢ ብቻ አይነሳም። መሰኪያው ስለገባ ብቻ የላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰኩ ሰዎች ግን አሉ። የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ገደማ ነው። የኬዙን ቦርድ ያቃጥላል፤ ከባሰም የዲስኩን።

አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ የሚያወጣው ቮልት፤ ኬዙ ላይ ከተጻፈው ጋር በትክክል አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ አምፔሩ፤ ይህ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ማነስ ግን የለበትም፤ ለአንድ ዲስክ 2 አምፔር የተለመደ ነው። ሦስተኛ የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥ፤ ክብ ውስጥ ነጥብ ሆና የተሣለችው ትንሽ ምልክት ናት። ብዙውን ጊዜ ፕላሱ መሃል ነው፤ የኬዙም ሥዕል ተመሳሳይ መሆን አለበት።

ከአሜሪካ ለተላከ ዕቃ አራተኛ ነገር ይጨመራል። ‹‹ኢንፑት›› በሚለው መስመር ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። 120 ቮልት ብቻ ካለ ግን የኛ 220 ቮልት ወዲያው ይጨርሰዋል። እንዲያው በአጠቃላይ፣ መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን ከሶኬት መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ጥሩ ልማድ ነው። ብዙ አዳፕተር የሚቃጠለው መብራቱ ተመልሶ በሚመጣበት ቅጽበት ነው።

ዲስኩን ኬዙ ውስጥ በትክክል እንዳስገባሁ በምን አውቃለሁ?

የሳታ ዲስክ ጠርዝ ላይ ሁለት ጥቁር ምላስ የሚመስሉ መሰኪያዎች ጎን ለጎን አሉ። አጭሯ 7 ፒን ያላት የዳታ፣ ረጅሟ 15 ፒን ያላት የኃይል ናት። ሁለቱም ጫፋቸው ጠምዘዝ ያለ ስለሆነ በግልባጭ አይገቡም፤ እንቢ ካሉ አይግፏቸው፣ ዲስኩን ይገልብጡት። ዲስኩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ መሰኪያው ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው እስኪደርስ በሁለት አውራ ጣት እኩል መግፋት ነው። በመሃላቸው ክፍተት ከታየ አልገባም። አንዳንድ ርካሽ ኬዞች ውስጥ ዲስኩ ይላላል፤ ኬዙን ገልበጥ ሲያደርጉት ይነቀላል። አብራ የመጣችውን ስፖንጅ የሚጥል ሰው ብዙ ነው፤ ሥራዋ ግን ዲስኩ እንዳይላላ አጥብቆ መያዝ ነው።

ውፍረትም አለ። የተለመዱት ኬዞች 7 ወይም 9.5 ሚሊሜትር ይይዛሉ። ከዚያ የወፈረ 2.5 ኢንች ዲስክ አይገባም፤ በጉልበት መዝጋት ቦርዷን ያጎብጣታል። መሰኪያው ምላስ ሳይሆን ሁለት ረድፍ ቀጫጭን መርፌ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ አይዲኢ የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፤ የራሱን ኬዝ ይፈልጋል።

ከአዲስ ላፕቶፕ የወጣው እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤስኤስዲስ?

ኤም ዶት ቱ ይባላል። ቅርጹ አንድ ቢሆንም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። ለአንዱ ብቻ የተሠራ ኬዝ ሌላውን አያነብም። ሰው ‹‹ኬዙ አይሠራም›› ብሎ ሲመልስ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። የወርቅማ ጥርሶቹን ይመልከቱ፤ አንድ ቅርጭት ብቻ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ሁለት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው። ሙሉ በሙሉ ለማረጋገጥ ላዩ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ማየት ይሻላል። ሁለቱንም የሚቀበል ኬዝ ይሸጣል፤ ጥቂት ብር ቢጨመርበትም እሱን እመርጣለሁ። በነገራችን ላይ አንዳንድ ላፕቶፖች፣ ከእነሱም መካከል የቅርብ ዓመታት ማክቡኮች፣ ማከማቻቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ የሚወጣ ዲስክ የላቸውም።

የመሰካት ድምፅ ያሰማል፣ ‹‹ዚስ ፒሲ›› ውስጥ ግን የለም። የት ልፈልገው?

ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ። በዊንዶውስ የስታርት ምልክቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ ከሚወጣው ዝርዝር መካከል ያገኙታል። እዚያ የሚያዩት ነገር ሁሉንም ይናገራል።

ዲስኩ በሰማያዊ መስመር ታይቶ ፊደል ብቻ ከሌለው እፎይ ይበሉ፤ ቀኝ ጠቅ አድርገው ድራይቭ ሌተር የሚለውን በመምረጥ ያልተያዘ ፊደል ይስጡት። ‹‹ኦፍላይን›› ካለ በስሙ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርገው ‹‹ኦንላይን›› ያድርጉት። ጥቁር መስመርና ‹‹አንአሎኬትድ›› የሚል ጽሑፍ ያለው አዲስ፣ ከፋብሪካ የወጣ ዲስክ ከሆነ የተበላሸ ነገር የለም፤ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። ‹‹ኢኒሺያላይዝ›› ያድርጉት፤ ጂፒቲ የሚለውን ይምረጡ፤ ቀጥለው ፓርቲሽን (ፋይል የሚቀመጥበት የዲስኩ ክፍል) ይፍጠሩ። ሌላው ምርጫ፣ ኤምቢአር የሚለው፣ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን አያስጠቅምም።

ይኸው ‹‹ኢኒሺያላይዝ አድርገው›› የሚለው ጥያቄ ዳታ ያለበት ዲስክ ላይ ከመጣ ግን ‹‹ካንስል›› ይበሉና ያቁሙ። መጠኑ 0 ሆኖ ወይም ‹‹ኖ ሚዲያ›› ተብሎ ከታየ ቦርዷ ተገኝታለች፣ ዲስኩ ግን አልመለሰላትም ማለት ነው፤ ወደ መቀያየሩ ይመለሱ።

‹‹ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት›› ይለኛል። ውስጡ ግን ፋይል አለኝ!

አያድርጉ። ይህ መልእክት ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ እንዳልቻለ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ፋይሉ ጠፍቷል አላለም። ምክንያቱ ብዙ ነው። ዲስኩ ማክ ላይ የተዘጋጀ ከሆነ ዊንዶውስ አያውቀውም፤ ማክ ላይ ይሰኩት፣ ይከፈታል። ከሊኑክስ ለመጣውም እንደዚያው። ሳይወጣ በድንገት የተነቀለ ከሆነ የፋይል መዝገቡ ተጎድቶ ይሆናል።

ብዙ ጠጋኞች የማያነሱት አንድ ምክንያት ግን አለ። አንዳንድ ኬዞች፣ በተለይ ከ2 ቴራባይት በላይ ላሉ ዲስኮች የተሠሩት፣ ባለ 512 ባይት ሴክተሩን (ዲስኩ ዳታ የሚከፋፍልበትን ትንሽ ቁራጭ) ለኮምፒውተሩ ባለ 4096 ባይት አድርገው ያቀርቡታል። ዲስኩ በዚያ ኬዝ ውስጥ ፎርማት ተደርጎ ሲያበቃ ወደ ሌላ ኬዝ ወይም በቀጥታ ወደ ሳታ ገመድ ሲዛወር የፓርቲሽን አድራሻዎቹ ሁሉ ይዛቡና ‹‹ሮው›› (ፎርማቱ ያልታወቀ) ተብሎ ይታያል። አንድ ፋይል እንኳ አልጠፋም። ወደ ቀድሞው ኬዝ ወይም ተመሳሳይ ሞዴል ወዳለው ሲመልሱት ሁሉም እንደነበረ ይከፈታል። በዚህ ምክንያት ብቻ ፎርማት የተደረጉ ዲስኮችን ሳስብ ያንገበግበኛል። ኬዝ ሲቀይሩ አሮጌውን ወዲያው አይጣሉት።

ከላፕቶፔ ያወጣሁት ዲስክ ቁልፍ ይጠይቀኛል

ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያስበው ዲስኩን ይቆልፉታል፤ ላፕቶፑ ውስጥ እያለ በራሱ ስለሚከፈት አይታወቅም። የሚጠየቀው ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ላፕቶፑ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ከሆነ በዚያው አካውንት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ። ቁጥሩ ከሌለ ‹‹እኔ እከፍተዋለሁ›› ለሚል ሰው ገንዘብ አይክፈሉ።

ቁልፍ ሳይጠይቅ ‹‹ፈቃድ የለህም›› የሚል የተጠቃሚ ፎልደር ግን ሌላ ነው። ‹‹ኮንቲንዩ›› ብለው ይጠብቁት፤ ብዙ ፋይል ካለው ሊቆይ ይችላል።

ፋብሪካው ያሸገው ኤክስተርናል ነው፤ ከፍቼ ዲስኩን ወደ ሌላ ኬዝ ላዛውረው?

ሞዴሉን ካወቁ በኋላ። ከዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርትና ማይ ቡክ መካከል ብዙዎቹ ዳታውን በራሳቸው ቦርድ በኩል ይመሰጥሩታል፤ የይለፍ ቃል ያላስገቡበት እንኳ። ዲስኩን ብቻ አውጥተው ሌላ ቦታ ሲሰኩት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ቦርዷን ከነዲስኩ አንድ ላይ ያስቀምጡ። በአንዳንድ ትንንሾቹ ደግሞ የዩኤስቢ መሰኪያው ዲስኩ ቦርድ ላይ የተበየደ ነው፤ ሳታ ብሎ ነገር የለም። እንዲህ ላለው መላው መሰኪያውን ማስበየድ እንጂ ኬዝ መግዛት አይደለም።

ይሠራል፤ ትልቅ ፋይል ስገለብጥ ግን መሃል ላይ ይቋረጣል

ገመድና ኃይል አሁንም ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። ቀጥሎ ሙቀት ነው፤ በተለይ የኤንቪኤምኢ ኬዝ ሲገለብጥ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ይግላል። ከውስጥ ሙቀት የምታስተላልፈው ለስላሳ ፓድ መኖሯን ይመልከቱ። ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ዩኤስቢውን የሚያስተኛ ከሆነም በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ‹‹ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ›› የሚለውን ያጥፉ።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር የዲስኩን ጤንነት በአብዛኞቹ ኬዞች በኩል ማንበብ ይችላል። ‹‹ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር›› የሚለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ የተበላሸው ዲስኩ ነው። ያኔ መጀመሪያ ዋና ዋናውን ፋይል ያውጡ። ቼክ ዲስክ የሚለውን አያስሂዱ፤ ለተዳከመ ዲስክ ያ ረጅም ንባብ የመጨረሻ ሥራው ሊሆን ይችላል።

በላፕቶፕ ይሠራል፣ ቲቪና ሪሲቨር ላይ ግን እምቢ አለኝ

የቲቪ ዩኤስቢ ኃይሉ ደካማ ነው፤ የሚያነበውም የፎርማት ዓይነት ውስን ነው። ፋት 32 በብዙዎቹ ይነበባል፤ ግን ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ለፊልም ብቻ ከሆነ ፍላሽ መጠቀም ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ያሰማል

በጥሩ ገመድና በቂ ኃይል ባለው ቀዳዳ ላይም ይህ ድምፅ ከቀጠለ፣ የንባብ ራሱ ቦታውን ማግኘት አቅቶት እየተመላለሰ ነው። ይንቀሉት። ደጋግሞ መሞከር የንባቡን ራስ ውስጥ ከሚዞረው ሳህን ጋር ሊያፋትገውና ዳታ ያለበትን ሽፋን ሊልጠው ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ፣ መታ መታ ማድረግ፣ ክዳኑን በካቻቢቴ መክፈት የሚባሉትን ምክሮች አይስሙ። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚከፈተው አየሩ ከአቧራ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዓይን የማያያት ብናኝ ሳህኑ ላይ ካረፈች ትፍቀዋለች።

ጥገና ቤት ስወስደው ምን ልበል?

‹‹አይሠራም›› ብቻ ብለው አይስጡ፤ እንዲህ የሚባለው ዕቃ መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር ፎርማት ነው። ‹‹የምፈልገው ውስጡ ያለውን ፋይል ነው፤ ዲስኩ ባይድንም ግድ የለኝም›› ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ወረቀት ላይም ያስጽፉት። ወድቆ ከነበረ፣ ሌላ አዳፕተር ተሰክቶበት ከነበረ አይደብቁ። ዲስኩ እየተነበበ ካለ ባለሙያው መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ እንዲያወጣ፣ ፍለጋውን ደግሞ ቅጂው ላይ እንዲያደርግ ይጠይቁ። ለቅጂው ዲዲሬስኪው፣ ለፍለጋው ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ነፃ ናቸው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስማቸውን ሲሰማ አይደናገርም። የሚገለበጥበት ባዶ ዲስክ ከተበላሸው እኩል ወይም የበለጠ መጠን ሊኖረው ይገባል፤ ሲሄዱ ይዘው ይሂዱ። ‹‹ሶፍትዌሩን ጫንልኝና ፋይሉን እዚያው ዲስኩ ላይ መልስልኝ›› ማለት ግን ሊወጣ በነበረው ፋይል ላይ ሌላ መጻፍ ነው።